ስንት ኪሎ ጭነህ ነበር?

(ጎንደር ላይ ለሹፌሮችና ለባለመኪናዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ብዙዎቻችሁ በጽሑፍ አውጣልን ስላላችሁኝ እንደተናገርሁት አቅርቤዋለሁ።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አደራችሁ?

ከአዘዞ፣ ከማራኪ፣ ከአራዳ፣ ከቅዳሜ ገበያ የመጣችሁ፣ ከማክሰኝትና ከቆላ ድባ ድረስ በጠዋት ተነሥታችሁ የመጣችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ለሹፌር ገበያ ነው። የቀን ገቢያችሁን ትታችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

በጥያቄ እንጀምር። መኪና ያለው ወይም የሚነዳ እጁን ያውጣ። ጥሩ፣ ሁላችሁም ማለት ይቻላል። እጃችሁን አታውርዱ። የመኪናውን ሲሲ የማያውቅ ያውርድ። ማንም አላወረደም። መኪናው የተገዛበትን ዋጋ የማያውቅ ያውርድ። እሱንም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አሁን፣ መኪናው ባዶውን ስንት ኪሎ እንደሚመዝን የማያውቅ ያውርድ።

አያችሁ? ሁለት እጅ ቀረ። ከሁለቱ አንዱ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ እሱ ሚዛን ላይ እየቆመ ስለሚሄድ ያውቃል።

እስኪ ገምቱ። እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጥኸው ወንድሜ፣ የአንተ ስንት ይሆናል? «አምስት ኩንታል» አልህ። እርስዎስ እትዬ? «አራት ቶን» አሉ። ከአምስት ኩንታል እስከ አርባ ኩንታል! ለአንድ ዓይነት የቤት መኪና ነው ይህን ያህል የተራራቅነው። አልፈርድባችሁም። እኔም ሹፌር ሆኜ ለዓመታት አላውቅም ነበር። እንዴት እንዳወቅሁ አሁን ልንገራችሁ፤ ዛሬ እዚህ ያቆመኝም እሱ ነው።

ጊዜው 1996 ዓ.ም. ነው፣ የጥር ወር። የዘመድ ሠርግ ነበረን፣ ወደ ዛሪማ በኩል። የያዝኋት ዲኤክስ ኮሮላ ናት። ዲኤክስን የማያውቅ እዚህ ቤት ያለ አይመስለኝም። ጠንካራ፣ ነዳጅ የማትበላ፣ እናታችን የምንላት መኪና። ውስጥ ስድስት ትልልቅ ሰው ከአንድ ሕፃን ጋር ገባን። ከኋላ አንድ ኩንታል ዱቄትና አንድ ጀሪካን ጠላ አስገባን። ፖርቶ መጋላው ላይ አራት ሳጥን ቢራ አሰርን። እየዘፈንን ከጎንደር ወጣን። አምባ ጊዮርጊስን አለፍን፣ ዳባትን አለፍን፣ ደባርቅ ቁርስ በላን። ከዚያ ሊማሊሞን መውረድ ጀመርን።

ሊማሊሞን የወረደ ያውቀዋል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ ያወጣው መንገድ ነው፤ ኩርባው አያልቅም። እኔ ደግሞ ወጣት ነኝ፤ ሠርግ እንዳይረፍድብን ቸኩያለሁ። በሦስተኛ ማርሽ በፍሬን እያያዝሁ እወርዳለሁ። ግማሽ ሳንደርስ አንድ ሽታ መጣ። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ። ጋራዥ የዋለ ሰው አይስተውም፤ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ከኋላ የተቀመጠችው አክስቴ «ምን ተቃጠለ ልጄ?» አለችኝ። «የሌላ መኪና ነው» አልኋት። ዋሸኋት። ቀጥሎ ያለው ኩርባ ላይ ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ ውሃ የጠጣ ስፖንጅ ሆነ። ደግሜ ረገጥሁ፤ ወለሉን ነካ።

ያን ደቂቃ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ፤ ሞተሩ ጮኸ። የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ሳብሁ። ገደሉን ትቼ በተራራው በኩል ያለው ቦይ ውስጥ ሁለት ጎማ አስገባሁ። መኪናዋ ጎኗን ከድንጋዩ ጋር እየፋቀች ቆመች። አንድም ሰው አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሁላችን ወረድን። ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ይወጣል። አንዱ ዘመዴ ውሃ ሊያፈስበት ሮጠ።

በዚህ መሃል ከታች የሚወጣ የጭነት መኪና ደርሶ ቆመ። አንድ ሽማግሌ ሹፌር ወረዱ። መጀመሪያ «ውሃ እንዳታፈሱ! የጋለ ብረት ይሰነጠቃል፤ በራሱ ይብረድ» አሉ። ቀጥለው መኪናዋን ዞረው አዩ፤ ፖርቶ መጋላውን አዩ፤ የወረድነውን ሰዎች ቆጠሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ስንት ኪሎ ጭነህ ነበር?»

መልስ የለኝም። እንኳን የጫንሁትን፣ የመኪናዋን አላውቅም። እሳቸውም «ሳታውቅ ነው ሊማሊሞን የምትወርደው?» አሉኝና ሄዱ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ስንመለስ ያችን መኪና ወደ አንድ የእህል መጋዘን ወሰድኋት፤ የጭነት መኪና ሚዛን ነበራቸው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ሚዛኑ ላይ ቆምን። 1,080 አለ። ከመኪናዋ ወረድንና ራቅን። ቁጥሩ ትንሽ ተንቀጠቀጠና 880 ላይ ቆመ። 880 ኪሎ! ዘጠኝ ኩንታል የማትሞላ መኪና። አሁን የሠርጉን ቀን ጭነት ደምሩልኝ። ስድስት ትልቅ ሰው በ65 ኪሎ 390 ነው። ሕፃኑ 20። ዱቄቱ 100። ጠላው 20። ቢራው ከነሳጥኑ 70 ገደማ። ስድስት ኩንታል! ዘጠኝ ኩንታሏን መኪና አሥራ አምስት ኩንታል አድርጌ ነው ገደል አፋፍ ላይ የነዳኋት። የተሠራችው ለአምስት ሰውና ለጥቂት ሻንጣ ነው፤ ያ ደግሞ ከአራት ኩንታል አያልፍም።

ዛሬ ሦስት ነገር ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። አንደኛ፣ መካከለኛ መኪና ስንት ይመዝናል? ሁለተኛ፣ ክብደቱ ከመኪና መኪና ለምን ይለያያል? ሦስተኛ፣ እኛ ራሳችን የምንጨምረው ምን ያመጣል?

አንደኛውን ቶሎ ልጨርሰው። የዛሬ መካከለኛ የቤት መኪና፣ ካምሪን አኮርድን ሶናታን ውሰዱ፣ ባዶውን ከ1,400 እስከ 1,700 ኪሎ ነው። በእኛ ቋንቋ ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ሰባት ኩንታል። እኛ አገር መካከለኛ የምንላት ኮሮላ በውጭ አመዳደብ ከመካከለኛ አንድ ደረጃ ዝቅ ትላለች፤ የአሁኗ ኮሮላ ከ1,300 እስከ 1,400 ኪሎ ናት። ቪትዝ አሥር ኩንታል አካባቢ ናት። ባጃጅ ሦስት ኩንታል ተኩል ገደማ። እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

ግን ቁጥር ስትሰሙ «የቱ ክብደት?» ብላችሁ ጠይቁ። ነዳጅ፣ ዘይትና ውሃ ሳይገባበት የሚነገር አለ። ሁሉም ተሞልቶ፣ ሰው ሳይገባ የሚነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ የመኪና ክብደት የሚባለው እሱ ነው። አውሮፓውያን ደግሞ 75 ኪሎ ሹፌር ጨምረው ይጽፉታል። ስለዚህ አንድ መኪና ሁለት ቦታ ላይ ሁለት ቁጥር ቢኖረው አትደናገጡ። ከሁሉም የሚበልጠው ቁጥር ግን ጠቅላላው ነው፤ መኪናው ከነሰውና ከነዕቃው ከዚህ አይለፍ የተባለበት ልክ። ከጠቅላላው ላይ ባዶውን ስትቀንሱ የምታገኙት የእናንተ ድርሻ ነው። ለብዙ የቤት መኪና ያ ድርሻ 400 ኪሎ ገደማ ነው። አራት ኩንታል! አምስት ሰው ሲገባ የሚቀረው አንድ ኩንታል እንኳ አይሞላም።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ለምን ይለያያል?

መጀመሪያ፣ «መካከለኛ» የሚለው ስም ራሱ ስለ ክብደት አያወራም። አሜሪካኖች ሴዳንን የሚመድቡት በውስጡ ስፋት ነው። የሰውና የዕቃ ቦታው ተደምሮ ከ110 እስከ 119 ኪዩቢክ ጫማ ከሆነ መካከለኛ ይሉታል፤ በሜትር ኩብ ከ3.1 እስከ 3.4 ማለት ነው። ታዲያ ስፋታቸው አንድ የሆነ ሁለት ቤቶች ክብደታቸው አንድ ነው? አንዱ የጭቃ፣ አንዱ የድንጋይ ሊሆን ይችላል። መኪናም እንደዚያው ነው። አንዱ በተራ ብረት ይሠራል፤ ሌላው ኮፈኑንና በሮቹን አሉሚኒየም ያደርገዋል። አሉሚኒየም በተመሳሳይ መጠን ከብረት አንድ ሦስተኛው ብቻ ነው የሚመዝነው። ፎርድ ለ2015 እ.ኤ.አ. ሞዴል የኤፍ-150 ፒካፕን አካል ከብረት ወደ አሉሚኒየም ሲቀይር እስከ ሦስት ኩንታል ቀንሷል። ሦስት ኩንታል፣ አንድ ወንበር ሳይነቀል!

ከዚያ ሞተሩ አለ። ባለ ስድስት ሲሊንደር ከባለ አራቱ ይከብዳል። ካምቢዮው አለ። አራቱም ጎማ የሚነዳ ከሆነ ዘንጉና ዲፈረንሻሉ ተጨምሮ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ይመጣል። ሃይብሪድ፣ ማለትም በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሄድ ከሆነ፣ ባትሪውና ተጨማሪ ሞተሩ አለ። ፉል ኦፕሽን ብላችሁ በደስታ የምትገዙትም ይመዝናል፤ የጣሪያ መስታወቱ፣ በሞተር የሚንቀሳቀሰው ወንበር፣ ትልቁ ቸርኬ። አንድ ስም፣ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ አንድ ቀለም ያላቸው ሁለት መኪኖች በአንድ ኩንታል ሊበላለጡ ይችላሉ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ አንድ የሚያስቆጨኝ ነገር አለ። ጋራዥ ስውል በየቀኑ የምሰማው ነው። «የድሮ መኪና ነው መኪና። የዛሬው ቆርቆሮ ነው። ፓራውልቱን በጣት ስትነካው ይገባል።» ስንቶቻችሁ ብላችኋል? ስንቶቻችሁ ከባድ ነው፣ መንገድ ይይዛል፣ ስለዚህ ያድነኛል ብላችሁ የድሮ መኪና መርጣችኋል?

እውነቱን እንየው። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣችው የመጀመሪያዋ ኮሮላ 710 ኪሎ ገደማ ነበረች። ርዝመቷ አራት ሜትር አይሞላም። የዛሬዋ አራት ሜትር ከስልሳ ሆናለች፤ ክብደቷም እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ቆርቆሮ የተባለችው የዛሬዋ ናት የከበደችው! የጨመረው ኪሎ የት ገባ? በር ውስጥ ገባ፤ ከጎን ስንመታ የሚያግድ ብረት ተቀምጦበታል። ኤርባግ ሆነ። ጎማ እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው የኤቢኤስ ፍሬን ሆነ። ወፍራም መስታወት፣ ኤሲ፣ ድምፅ የሚያፍን ምንጣፍ ሆነ። ጣሪያውን የሚሸከሙት ምሰሶዎች ደግሞ ከተራው ብረት አራት አምስት እጥፍ በሚጠነክር ብረት ተሠሩ።

ፓራውልቱና ኮፈኑ ቶሎ የሚጨማደዱትስ? ሆን ተብሎ ነው! ፊቱ እንዲጨማደድ፣ ሰው የተቀመጠበት ክፍል እንዳይጨማደድ ተደርጎ ነው የተሠራው። ይህን ሐሳብ መርሴዲስ ውስጥ ይሠራ የነበረ ቤላ ባሬኒ የሚባል መሐንዲስ ነው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ያስመዘገበው። ፊቱ ግጭቱን ይበላል፤ እናንተ ትተርፋላችሁ። ላሜራ ይገዛል። ሰው አይገዛም።

ካላመናችሁኝ ይኸው። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ላይ የሚሠራው የኢንሹራንሶች ተቋም ሁለት መኪና ፊት ለፊት አጋጨ። አንዱ የ1959 ሼቭሮሌ ቤል ኤር ነው፤ ያ ሰፊው፣ ክንፍ ያለው፣ አባቶቻችን መኪና ቢሉ የሚሉት። ሁለተኛው የ2009 ሼቭሮሌ ማሊቡ ነው፤ ተራ መካከለኛ ሴዳን። ክብደታቸው ተቀራራቢ ነው። ፍጥነታቸው በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር። የድሮው የሹፌር ክፍሉ ተጨፈለቀ፤ በሹፌር ቦታ ለሙከራ የተቀመጠው አሻንጉሊት ሰው ቢሆን በሕይወት አይተርፍም ነበር። የማሊቡው ክፍል ግን እንደቆመ ቀረ፤ ሹፌሩ እግሩን ቢጎዳ ነው። አያችሁ? ኪሎው ያው ነው። ልዩነቱ ኪሎው የት ተቀመጠ የሚለው ነው። እባካችሁ፣ በተለይ ለልጆቻችሁ መኪና የምትገዙ፣ ክብደትን ከጥንካሬ ጋር አታምታቱ።

አሁን ደግሞ ኤሌክትሪኩ መጣ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ጎንደር ውስጥም እያየናቸው ነው። እኔ ኤሌክትሪክ እወዳለሁ፤ ጭስ የለው፣ ጩኸት የለው። ግን ክብደቱን እወቁ። ሃምሳ ሊትር ቤንዚን 37 ኪሎ ገደማ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ከሦስት እስከ አምስት ኩንታል ይመዝናል። ስለዚህ እንደ ቮልስዋገን አይዲ ፎር ያለ መኪና ባዶውን ሃያ አንድ ኩንታል አካባቢ ነው። ቁመቱ ሲታይ ከሌላው የቤት መኪና አይለይም። ሚዛን ላይ ሲቆም ግን ከዲኤክስ እጥፍ በላይ ነው።

በቅርቡ አንድ ልጅ የኤሌክትሪክ መኪናው ጎማ ተንፍሶበት ጠራኝ። ስደርስ ጎሚስታው ከቪትዝ ላይ የተረፈች ትንሽ ክሪክ ይዞ ሥር ገብቷል። «ውጣ!» ብዬ ጮህሁ። እንደወጣ ክሪኩ ወደ ጎን ታጠፈ፤ መኪናው ተመልሶ ተቀመጠ። ክንዱ የነበረበትን ቦታ አሳየሁት። ላቡን ጠረገ፤ ምንም አላለም። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ሃያ ኩንታል ነው ብሎ የነገረው ሰው የለም። ጎሚስታዎች ካላችሁ ስሙኝ፦ ለእነዚህ መኪኖች ከሁለት ቶን በላይ የሚያነሣ ክሪክ ያዙ፤ ክሪኩን ደግሞ ወለሉ መሃል ሳይሆን አምራቹ ምልክት ያደረገበት ጠርዝ ላይ ብቻ አስገቡ። መሃሉ ባትሪ ነው።

ሦስተኛው ነጥቤ እዚህ ላይ ይመጣል። ክብደት ምን ያመጣል? እኛ የጨመርነውስ?

ወደ ሊማሊሞ ልመልሳችሁ። መኪና ቁልቁል ሲወርድ ጉልበቱ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ፍሬን ከረገጣችሁ ሙቀት ይሆናል። ሊማሊሞ ከላይ እስከ ታች ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ አንድ ሺህ ብለን እናስላው። ዘጠኝ ኩንታል መኪና አንድ ሺህ ሜትር ስትወርድ የምታወጣው ሙቀት አንድ ጀሪካን ተኩል ውሃ ያፈላል። ባለ ሃያ ሊትሩን ጀሪካን ነው የምለው። እኔ አሥራ አምስት ኩንታል አድርጌያት ስለነበር እስከ ታች ብወርድ ሁለት ጀሪካን ተኩል ይሆን ነበር። የኤሌክትሪኩ ሃያ አንድ ኩንታል ከሦስት ጀሪካን በላይ ነው። እስኪ እናቶች ንገሩኝ፤ ሁለት ጀሪካን ተኩል ውሃ ለማፍላት ስንት እንጨት ይፈጃል? ያ ሁሉ እሳት የእጅ መዳፍ የምታህል የፍሬን ሸራ ላይ ሊያርፍ ነበር ማለት ነው።

ሁሉም አይደለም። ጥቂቱን ነፋሱ ይወስደዋል፤ ሞተሩ ደግሞ በትንሽ ማርሽ ከወረዳችሁ ብዙውን ይይዛል። እኔ በሦስተኛ ስወርድ ያን እርዳታ ትቼ ነው ሁሉን በፍሬን ላይ የጫንሁት። ፔዳሉ ስፖንጅ የሆነውም የፍሬን ዘይቱ ስለፈላ ነው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ይችላል። እያረጀ እርጥበት ሲጠጣ ግን 140 አካባቢ ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋን ብትረግጡት ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ የምለው ለዚህ ነው። የእኔ ዘይት ስንት ዓመቱ እንደነበር? ማንም ቀይሮት አያውቅም ነበር።

የኤሌክትሪክ ባለቤቶች፣ ለእናንተ አንድ ነገር። መኪናችሁ ቁልቁለት ላይ ራሱን ቻርጅ እያደረገ ይይዛል፤ ትልቅ ጸጋ ነው። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን የሚያስገባበት ቦታ የለውም፤ ያኔ ሥራው ሁሉ ወደ ፍሬን ይዞራል። ስለዚህ ደባርቅ ላይ ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ አትውረዱ። ቦታ ተዉለት።

ፖርቶ መጋላንም ላንሣ። ለብዙ የቤት መኪና ጣሪያው የሚችለው 75 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ኩንታል እህል እንኳ አይሆንም! እኛ ግን ፍራሽ፣ በግ፣ ሁለት ኩንታል ጤፍ እንጭንበታለን። ከላይ የተጫነ ክብደት መኪናውን ኩርባ ላይ ወደ ውጭ ያዘነብለዋል። ነዳጅም ይበላል፤ መኪና በአንድ አሥረኛ ሲቀል የነዳጅ ፍጆታው ከስድስት እስከ ስምንት በመቶ ይሻሻላል፤ ሲከብድ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ነዳጅ በወረፋ በሚገኝበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር ነው?

አሁን ልቤን የሚከብደውን ልናገር። ክብደት ተሳፋሪውን ብቻ አይነካም። ባጃጁን ሦስት ኩንታል ተኩል ብያችሁ ነበር። ሃያ አንድ ኩንታል መኪና ባዶ ባጃጅን ፊት ለፊት ቢገጨው፣ የፍጥነት ለውጡን የሚቀምሰው ባጃጁ ነው፤ ስድስት እጥፍ። ከባዱ ትንሽ ይነቃነቃል፤ ቀላሉ ተመልሶ ይወረወራል። ባጃጁ ውስጥ ማን አለ? ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆቻችን አሉ። ከአራዳ ጎመን ገዝታ የምትመለስ እናታችን አለች። በሰዓት 90 የሚሄድ መኪና ሲጋጭ ከ30 ሜትር በላይ ከፍታ እንደመውደቅ ነው። 30 ሜትር ስንት እንደሆነ ማየት የፈለገ የፋሲልን ግንብ ጫፍ ቀና ብሎ ይመልከት፤ ያን ያህል ገደማ ነው። ታዲያ ሃያ ኩንታል ይዛችሁ በአዘዞ መንገድ ላይ በዚያ ፍጥነት ስትሄዱ ምን ይዛችሁ እንደምትሄዱ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እባካችሁ። መኪናችሁ በከበደ ቁጥር እግራችሁ ይቅለል።

እትዬ፣ እጅዎን አይቼዋለሁ። ይጠይቁ። «ከባድ ልግዛ ወይስ ቀላል?» ነው ያሉት። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለልጅዎ ለከተማ ከሆነ ቀላሉን ይግዙ፤ ግን ኤርባግና ኤቢኤስ ያለው ይሁን። ሁልጊዜ ሰባት ሰው የሚጭኑ ከሆነ ደግሞ ለሰባት ሰው የተሠራ ይግዙ። የአምስት ሰው መኪና ውስጥ ሰባት ሰው አያስገቡ፤ ስፋቱ ቢበቃም ፍሬኑና ጎማው አይበቃም።

ጎማ ካልን፣ ጎማችሁ ጎን ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ የተጻፈ ቁጥር አለ። ለምሳሌ 195/65 አር 15 ከሚለው ቀጥሎ 91 ይላል። 91 ማለት ያ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። 88 ከሆነ 560 ነው። በአራት አባዙትና የመኪናችሁ ጠቅላላ ክብደት ከዚያ በታች መሆኑን እዩ። ርካሽ ነው ብላችሁ ቁጥሩ ያነሰ ጎማ አትግጠሙ። የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ደግሞ ምሰሶው ላይ የተለጠፈች ወረቀት ታያላችሁ። ባዶ ስትሆኑና ሞልታችሁ ስትጭኑ የሚሞላው የጎማ ነፋስ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ለየብቻ ተጽፏል። ከጃፓን የመጣ መኪና ከሆነ ጽሑፉ የጃፓን ነው፤ ቁጥሩ ግን ቁጥር ነው፣ ይነበባል።

በቃ ብዙ አወራሁ። ግቢው ውስጥ ሦስት መኪና አቁመናል፤ አንድ ዲኤክስ፣ አንድ ካምሪ፣ አንድ ኤሌክትሪክ። ሊብሬያቸው በእጄ ነው። እንውጣና ቁጥራቸውን አብረን እናንብብ፤ ከዚያ አምስት አምስት ሆናችሁ ትገቡና የቀረውን ድርሻ ራሳችሁ ታሰሉልኛላችሁ። ስልካችሁን አውጡ፣ የበሩ ምሰሶ ላይ ያለው ጽሑፍ ደቃቅ ስለሆነ መብራት ያስፈልጋል። ዲኤክሷ ጋ መጀመሪያ፣ በዚህ በኩል።